«ዲንካና ኑዌር ናቸዋ!» የጋራንግ ንቅናቄ እንዴት ተነሣ፣ ለምንስ ደጋግሞ ተሰነጠቀ?

መስከረም ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ አንድ ቡና ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠን ስልክ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስልኩ ላይ ያለው ፎቶ የሪክ ማቻር ነው። የደቡብ ሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዝዳንት የነበረው ሰውዬ ጁባ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ተቀምጧል። የተከሰሰው በአገር ክህደት፣ በግድያና በሰብአዊነት ላይ በተፈጸመ ወንጀል ነው።

አጠገቤ የነበሩት ጋሼ በደርግ ጊዜ ጋምቤላ ወታደር ነበሩ። ፎቶውን መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው አዩት። «እነዚህ ሰዎች እስካሁን አልታረቁም?» አሉ። አንዱ ወጣት ቀና እንኳ ሳይል መለሰላቸው፤ «ዲንካና ኑዌር ናቸዋ! ምን ይጠየቃል።»

ዲንካና ኑዌር የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ ብሔሮች ናቸው፤ ሪክ ኑዌር ነው፣ ያሰረው ፕሬዝዳንት ሳልቫ ኪር ደግሞ ዲንካ። ወሬው እዚያ ላይ ተዘጋ። ለእኔ ግን አልተዋጠልኝም። ልጁ ተሳስቷል ማለቴ አይደለም። ግን ሁለቱም የወጡበት ድርጅት፣ የጆን ጋራንግ ኤስፒኤልኤም፣ በ40 ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተሰነጠቀና በየጊዜው ማን ከማን ጋር እንደቆመ ስትቆጥሩት፣ በዘር ብቻ አልገጥም ይላችኋል። እስቲ ከሥሩ እንየው። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። የእኛን ስጠቅስ «በእኛ» እላለሁ።)

ኤስፒኤልኤም ምንድን ነው?

የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ንቅናቄ ማለት ነው። ጦሩ ደግሞ ኤስፒኤልኤ ይባላል። በወረቀት ላይ አንዱ ፖለቲካውን፣ ሌላው ጠመንጃውን ይይዛል። በተግባር ግን ሁሉንም የያዘው ጦሩ ነበር፤ ፓርቲው ለብዙ ዓመት ስምና ሬዲዮ ጣቢያ እንጂ ሌላ የረባ ነገር አልነበረውም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውን አገራዊ ጉባኤ ያካሄደው በ1994 ቹኩዱም በምትባል ቦታ ነው። ከተመሠረተ ከ11 ዓመት በኋላ! ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ስሙ ውስጥ «ደቡብ» የሚል ቃል የለም። የተነሣው ደቡብ ላይ ነው፣ አብዛኛው ታጋይ የደቡብ ልጅ ነው፣ ስሙ ግን «የሱዳን» ይላል። በስህተት የቀረ ቃል እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያው ጠብ የተነሣው በዚሁ ጉዳይ ነው።

ምን አስነሣቸው?

ሱዳን በ1956 ነፃ ስትወጣ ሥልጣኑ ካርቱም እጅ ላይ ቀረ። የደቡብ ወታደሮች ነፃነቱ ገና ሳይታወጅ፣ በ1955 ቶሪት ላይ አምፀው ነበር። ያ ጦርነት ሲበርድ ሲግል 17 ዓመት ፈጀ። በ1972፣ በእኛ የካቲት 1964፣ አዲስ አበባ ላይ ተፈራርመው ታረቁ፤ በሽምግልናው ጃንሆይም ነበሩበት። ደቡቡ የራሱ ምክር ቤትና አስተዳደር አገኘ። አማፂው ወደ መንግሥት ጦር ተቀላቀለ። ከተቀላቀሉት አንዱ ጆን ጋራንግ የሚባል ወጣት መኮንን ነው።

ዕርቁ 11 ዓመት ቆየ። ያፈረሰው ራሱ የፈረመው ሰው ነው፤ ፕሬዝዳንት ጃፋር ኒሜሪ። በ1978 ደቡብ ውስጥ ቤንቲዩ አካባቢ ነዳጅ ተገኘ። ካርቱም ማጣሪያውን ሰሜን ላይ ልትከል አለች። ደቡቦቹ «ሀብቱ የኛ፣ ፋብሪካው የእነሱ?» ብለው ጥርስ ነከሱ። በዚህ ላይ የደቡብ ወታደሮች ወደ ሰሜን ይዛወሩ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቦር ከተማ የነበረው 105ኛ ሻለቃ አልሄድም አለ፤ የደመወዝ ጣጣም ነበረበት። በእኛ ግንቦት 8 ቀን 1975 መንግሥት ጦር ልኮ ሊያስገድዳቸው ሲሞክር ውጊያ ተጀመረ። የሻለቃው አዛዥ ከሩቢኖ ኩዋኒን ቦል የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰ ሰው ተብሎ ይታወቃል። ይህንንም ስም ያዙልኝ።

ኮሎኔል ጋራንግ ያኔ ቦር ነበር። ካርቱም ወታደሮቹን ያረጋጋልኛል ብላ ስትጠብቅ እሱ አብሯቸው ጫካ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ኒሜሪ ደቡቡን ሦስት ቦታ ሸነሸነው፣ ቀጥሎም ሸሪዓን በአገሪቱ ላይ አወጀ። እስከዚያ ያመነታ የነበረውም ብድግ አለ።

ውሃ ነክ ነገር አለበት ይባላል፣ እውነት ነው?

እውነት ነው። ለጎጃም ሰው ደግሞ ይህቺን ሳልነግር ባልፍ ቅር ይለኛል።

እኛ የምናውቀው ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ ጎጃምን ዞሮ በደጀን በኩል ገደል ለገደል የሚወርደውን ነው። ነጭ ዓባይ ሌላ ጠባይ አለው። ደቡብ ሱዳን ሲደርስ መሬቱ ሜዳ ስለሆነ ውሃው ይተኛል። ሱድ የሚባል ትልቅ ረግረግ ውስጥ ይንሰራፋና ግማሽ ያህሉ በፀሐይ ተንኖ ይቀራል። ለግብፅና ለካርቱም ይሄ ብክነት ነው። ለዲንካና ለኑዌር ከብት አርቢ ግን ውሃው ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር የበጋ ግጦሹ ነው። ጣና ዳር ያደገ ሰው ባሕር ሸሽ መሬት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቅ ይሄ ቶሎ ይገባዋል።

እና ካርቱምና ካይሮ ተስማምተው 360 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦይ፣ ጆንግሌ ቦይ፣ ማስቆፈር ጀመሩ። ሐሳቡ ውሃው ረግረጉን ትቶ በአቋራጭ እንዲያልፍ ነው። ቁፋሮው በ1978 ተጀመረ። የሚገርመው ጋራንግ በ1981 አሜሪካ፣ አዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን የሠራው በዚሁ በጆንግሌ አካባቢ የገጠር ልማት ላይ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ጫካ ገባ። ጦሩ በመጀመሪያ ካጠቃቸው ቦታዎች አንዱም ይሄው የቦዩ ሥራ ሆነ። 260 ኪሎ ሜትር ያህል ከተቆፈረ በኋላ በ1984 ሥራው ቆመ። የቤት ያህል ግዙፍ የሆነው መቆፈሪያ ማሽን ዛሬም ቦዩ ጫፍ ላይ ዝጎ እንደተገተረ ነው። ሰውዬው ጥናቱን በጠመንጃ ጨረሰው ብል ቀልድ እንዳይመስላችሁ።

ደርግ ምን ቤት ነበር?

የጎረቤት ሒሳብ ነው። ካርቱም ለሻዕቢያና ለሕወሓት መንገድ ትከፍታለች፣ ደርግ ደግሞ በአጸፋው ለካርቱም አማፂ ጋምቤላን ይከፍታል። ስንቅ፣ መሣሪያ፣ ማሠልጠኛ፣ ሬዲዮ ጣቢያ ሁሉ ከዚህ ሆነ።

ጋሼ የሚያስታውሱት ኢታንግን ነው። ባሮ ወንዝ አጠገብ የነበረ የስደተኛ ሰፈር ነው፤ ሰዉ በመቶ ሺዎች ይቆጠር ነበር። «የእርዳታ ማሽላ ሲራገፍ ሰልፉ ጫፉ አይታይም» አሉኝ። «እናት አባት የሌላቸው ልጆች፣ ቀጫጭን፣ ረጃጅም፣ አንዱ የአንዱን ትከሻ ይዘው ይሰለፋሉ። ማታ ማታ ደግሞ በእነሱ ቋንቋ የሰልፍ ዘፈን ይሰማል።» ቢልፋም የሚባለው ዋና ሰፈራቸውም እዚያው ጋምቤላ ነው።

ደርግ ግን በነፃ አልረዳም። ራሱ ከኤርትራ ተገንጣዮች ጋር ሲዋጋ፣ እንዴት አድርጎ የሌላ አገር ተገንጣይ ያስታጥቃል? እዚህ ላይ ነው የመጀመሪያው ስንጥቅ የመጣው።

የመጀመሪያው ጠብ ስለ ምን ነበር?

ስለ ዓላማ። በ1983 ኢትዮጵያ ድንበር ላይ የተሰበሰቡት ሁለት ወገን ነበሩ። እነ አኩዎት አቴምና ሳሙኤል ጋይ ቱት በመጀመሪያው ጦርነት ያለፉ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። «የምንዋጋው ደቡብን ለመገንጠል ነው» አሉ። ጋራንግ ደግሞ «አዲስ ሱዳን» የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ፤ አገሪቱ አትቆረስም፣ ካርቱም ላይ ያለው ሥርዓት ነው የሚለወጠው። ለደርግ ጆሮ የሚጥመው የጋራንግ ነው። መሣሪያው ወደዚያ አደላ። ሁለቱ ወገኖች ተታኮሱ፣ ጋይ ቱት በ1984 ተገደለ፣ የተረፉት አኛኛ ሁለት የሚል ስም ይዘው ጫካ ቀሩ። ከዚያስ? መሣሪያ ከካርቱም ተቀበሉ! ለመገንጠል የተነሣ ሰው፣ አላስገነጥልም ከሚለው መንግሥት ጥይት ለመነ።

አሁን ብሔራቸውን እንይ። ጋይ ቱት ኑዌር ነው። አኩዎት አቴም ግን እንደ ጋራንግ ዲንካ ነው። ከጋራንግ ጋር ቆሞ እነሱን የወጋው ዊሊያም ኑዮን ደግሞ ኑዌር። የልጁን መልስ ይሄ ገና ከበሩ ላይ አደናቀፈው።

ሁልጊዜ ለምን ይሰነጠቃሉ ታዲያ?

እድር አስቡ። እድር ውስጥ ዳኛው ቢያናድዳችሁ ምን ታደርጋላችሁ? እሑድ ስብሰባ ላይ እጅ ታወጣላችሁ፣ ደንቡን ታስነብባላችሁ፣ ባይሆን ምርጫ ትጠብቃላችሁ። ትጣላላችሁ፣ ግን እድሩ ይቀጥላል።

አሁን ስብሰባ የማይጠራ እድር አስቡ። ድንኳኑም፣ መዝገቡም፣ ማኅተሙም፣ ገንዘቡም ዳኛው ቤት ነው። የሚቃወም ሰው ይታሰራል። ቅር ያለው ሰው ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ወጥቶ በዚያው ስም ሌላ እድር ማቋቋም። ከሰፈሩ ማዶ ደግሞ አንድ ሀብታም አለ፣ ይህን እድር አጥብቆ የሚጠላ፣ ለወጣ ሁሉ አዲስ ድንኳን በነፃ የሚሰጥ። እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ ስንት እድር ይኖራል?

እንግዲህ 11 ዓመት ያለ ጉባኤ ያልኳችሁ ይህቺ ናት። ሀብታሙ ደግሞ ካርቱም ነው። ከድርጅት ተገንጥሎ ራሱን የቻለ ቡድን በአማርኛ ፖለቲካ አንጃ ይባላል፤ ካርቱም አንጃ በማርባት የታወቀች ነበረች።

ከሩቢኖን ያዙልኝ ብዬ አልነበር? የመጀመሪያዋን ጥይት የተኮሰው ዲንካ አዛዥ በ1987 ጋራንግን ሊገለብጥ ነው ተብሎ ታሰረ። በ1992 አመለጠ። ከካርቱም መሣሪያ ተቀብሎ የገዛ ወገኑን፣ ባህር ኤል ጋዛል ያለውን ዲንካ፣ ከብት ዘረፈ፣ መንደር አቃጠለ። በ1998 መጀመሪያ ካርቱምን ከድቶ ዋው ከተማን አጠቃና ወደ ጋራንግ ተመለሰ። ዓመት ሳይሞላ እንደገና ከጋራንግ ተጣልቶ ወደ ካርቱም አጋሮች ሄደ። በ1999 እዚያው ተገደለ። በ1998 በዚያ አካባቢ የወደቀውን ረሃብ ካባባሱት አንዱ የእሱ ዘረፋ ነው።

ትልቁ ስንጥቅስ? የ1991ዱ?

ይሄኛው በቀጥታ ከእኛ ጋር የተያያዘ ነው። ግንቦት 1983 በእኛ መንግሥቱ ኃይለማርያም አገር ለቆ ወጣ። የጋራንግ ጀርባ በአንድ ቀን ተራቆተ። ኢታንግ የነበረው ሕዝብ በክረምቱ ጭቃ ወደ ሱዳን ተመለሰ፤ ብዙው ያረፈው ናስር በምትባል የድንበር ከተማ ነው። የናስር አካባቢ አዛዦች እነማን ነበሩ? ሪክ ማቻርና ላም አኮል።

ነሐሴ 22 ቀን 1983፣ አሁንም በእኛ፣ ሁለቱ ከጎርደን ኮንግ ጋር ሆነው ጋራንግን ከሥልጣን አውርደናል ብለው አስታወቁ። ክሳቸው ቀላል አልነበረም፤ አምባገነን ነው፣ ሰው ያለ ፍርድ ያስራል፣ ልጆችን ያስታጥቃል፣ ደግሞም አዲስ ሱዳን የሚባለው ቀርቶ ነፃ አገር ነው የምንፈልገው። ብዙው ክስ እውነትነት ነበረው። ግን ጋራንግ አልወረደም። እነሱም በተራቸው ካርቱም በር ላይ ቆሙ።

በ1991 መጨረሻ የሪክ ኃይልና አብሮት የዘመተው የኑዌር ወጣት ታጣቂ፣ ነጭ ጦር የሚባለው፣ የጋራንግን አገር ቦርን ወረረ። አምነስቲ ኢንተርናሽናል ቢያንስ 2,000 ሰው መገደሉን መዝግቧል። አብዛኛው ሲቪል። ከብቱ ተነዳ፣ የተረፈው ሕዝብ ተራበ። «ዲንካና ኑዌር» የሚባለው ነገር እንዲህ የከረረው ያኔ ነው።

ሦስቱም፣ ጋራንግ፣ ሪክና ላም፣ ዶክተሮች ናቸው። አንዱ በግብርና ኢኮኖሚ፣ ሁለቱ እንግሊዝ አገር የተማሩ። የአገሩ ሰው ይህን ጦርነት «የተማሩት ሰዎች ጦርነት» ብሎ የሚጠራው ወዶ አይደለም።

ሪክ በ1997 ከካርቱም ጋር የሰላም ስምምነት ፈረመ፣ አልሠራለትም፣ በ2002 ወደ ጋራንግ ተመለሰ። ሥልጣንም ተሰጠው። ይህን ልብ በሉ፤ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ሹመት ያገኛል። የወጣ አይጎዳም የሚል ትምህርት ለሁሉም ተሰጠ።

ስለዚህ ዘር ምንም የለበትም?

አለበት እንጂ። ግን ዘር እዚህ ማገዶ ነው፣ ክብሪቱ ሌላ ነው። መሪዎቹ የሚጣሉት በሥልጣን፣ በዓላማ፣ በስብሰባ እጦት ነው። ከተጣሉ በኋላ ግን ወታደር ከየት ያመጣሉ? ከየመንደራቸው። መንደሩን ለማንቀሳቀስ ደግሞ «ሊያጠፉህ መጡ» ከማለት የሚቀል የለም። ቦር ላይ እንደሆነው አንዴ ደም ከፈሰሰ ፍርሃቱ እውነተኛ ይሆናል፣ ቀጣዩን ጠብ የሚያቀጣጥለው እሱ ነው።

ነፃ አገር ከሆኑ በኋላስ ምን ያጣላቸዋል?

በጃንዋሪ 2005 ከካርቱም ጋር ሰላም ተፈረመ። ጋራንግ ሐምሌ ወር ላይ ካርቱም ገብቶ የሱዳን አንደኛ ምክትል ፕሬዝዳንት ሆነ። በ21ኛው ቀን ከኡጋንዳ ሲመለስ ሄሊኮፕተሩ ተከስክሶ ሞተ። ምክትሉ ሳልቫ ኪር ተተካ። ኪር ከጥቂት ወራት በፊት ሩምቤክ በተደረገ ስብሰባ ላይ ጋራንግን ፊት ለፊት ወቅሶት ነበር፤ ድርጅቱን በቦርሳህ ይዘኸው ነው የምትዞረው የሚል ዓይነት ወቀሳ። እድሩ ትዝ አላችሁ?

በ2011 ሕዝቡ 98.83 በመቶ ድምፅ ሰጥቶ ተገነጠለ። ጋይ ቱት የሞተለት ሐሳብ አሸነፈ ማለት ነው። ከእንግዲህ የሚያጣላ ዓላማ የለም፣ የነዳጅ ገንዘብ አለ፣ በረሃ ውስጥ የቀሩት ታጣቂዎችም በማዕረግ በማዕረጋቸው ጦሩ ውስጥ ገብተው ደመወዝተኛ ሆነዋል። ችግሩ፣ ጦሩ ውስጥ ገቡ እንጂ አልተዋሐዱም፤ እያንዳንዱ ጄኔራል የራሱን ሰዎች እንደያዘ ነው።

ጁላይ 2013 ኪር ምክትሉን ሪክን ከነሙሉ ካቢኔው አባረረ። ሪክ ለሊቀመንበርነት እወዳደራለሁ ብሎ ነበር። ዲሴምበር ላይ የፓርቲው ስብሰባ ተጠራ፣ ተካረረ፣ ዲሴምበር 15 ማታ የቤተ መንግሥቱ ጥበቃ ጦር እርስ በርሱ ተታኮሰ። በቀጣዮቹ ቀናት ጁባ ውስጥ ኑዌሮች ከየቤታቸው እየተለቀሙ ተገደሉ። እዚህም ልብ በሉ፤ ኪርን ከተቃወሙት መካከል የጋራንግ ባለቤት ሬቤካ ነበረች፣ ዲንካ። የፓርቲው ዋና ጸሐፊ የነበረው ፓጋን አሙም ደግሞ ከሌላ ብሔር ነው፣ ሺሉክ።

ከዚያ ወዲህ ያለውን በአጭሩ ልለፈው፣ አሰልቺ ድግግሞሽ ነው። በ2015 ዕርቅ፣ በ2016 ጁባ ላይ ተኩስ፣ ሪክ በእግሩ ኮንጎ ገባ፣ የገዛ ወገኑ ታባን ዴንግ ቦታውን ወሰደበት። በ2018 አዲስ አበባ ላይ ዳግም ዕርቅ። በ2021 የሪክ የራሱ ጄኔራሎች አውርደንሃል አሉት፣ ቀጥሎም እነሱ እርስ በርስ ተለያዩ። በማርች 2025 ናስር፣ አዎ ያችው ናስር፣ የመንግሥት ጦር ሰፈር በነጭ ጦር ተያዘ። ሪክ ቤቱ ውስጥ ታሠረ፣ ከዚያ ፍርግርጉ።

ሰሜን የቀሩትስ?

ስሙ «የሱዳን» ነው ብዬ ነበር። የጋራንግን «አዲስ ሱዳን» አምነው የተሰለፉ የሰሜን ሰዎችም ነበሩ፤ የኑባ ተራሮችና የብሉ ናይል ልጆች። ደቡቡ ሲገነጠል እነሱ ከነጠመንጃቸው ካርቱም ሥር ቀሩ። ኤስፒኤልኤም ሰሜን ተባሉ። በ2017 እነሱም ተከፈሉ፤ አብደልአዚዝ አልሂሉ የራስን ዕድል በራስ መወሰን ይጠየቅ አለ፣ ሊቀመንበሩ ማሊክ አጋር አይጠየቅ አለ። የራስን ዕድል መወሰን ማለት ሕዝቡ አብሮ ልኑር ወይስ ልለይ ብሎ በራሱ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። የ1983ቱ ጥያቄ፣ ቦታ ቀይሮ።

ዛሬ አጋር ከሱዳን ጦር ጋር ሆኖ የሉዓላዊ ምክር ቤቱ ምክትል ሊቀመንበር ነው። አልሂሉ በ2025 ይህንኑ ጦር ከሚወጋው ከፈጥኖ ደራሹ ኃይል ጋር ተሰልፏል። ደጀን ላይ ከድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ ቁልቁል ወርዶ የሚደርሰው የሁለቱ ሰዎች ወገን ወዳለበት ወደ ብሉ ናይል ግዛት፣ ወደ ደማዚን ነው።

ይህን ሁሉ ለጋሼ ስነግራቸው ቡናቸው ቀዝቅዞ ነበር። «እና አሁን ኤስፒኤልኤም የሚባለው የቱ ነው?» አሉ። በጣቴ ቆጠርኩላቸው። የኪር አለ። የሪክ አለ። የሪክን ስም ይዞ ጁባ ውስጥ ከመንግሥት ጋር የቀረ አለ። የአልሂሉ አለ። የአጋር አለ። ከአጋር የወጣም አለ።

ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ማኅተሙስ ማን ጋ ነው?» ብለው ጠየቁኝ።